ቮልስን በ1/24 መሥራት፦ የፕላስቲክ ሞዴል መኪና አገጣጠምና አቀባብ

የፕላስቲክ ሞዴል መኪና ሥራ ማለት በሳጥን ውስጥ ተለያይተው የሚመጡ ክፍሎችን ቆርጦ፣ አለስልሶ፣ ቀብቶና አጣብቆ በመንገድ የምናየውን መኪና በትንሹ ማቆም ማለት ነው። ብዙ ጀማሪዎች ችሎታው ሁሉ በማገጣጠሙ ላይ ያለ ይመስላቸዋል፤ የዛሬዎቹ ኪቶች (በሳጥን የሚሸጡት የክፍሎች ስብስቦች) ግን ክፍሎቻቸው በሚገባ ስለሚገጥሙ መመሪያውን በተራ ቁጥሩ የተከተለ ሰው ቅርጹን ማቆም አያቅተውም። ጥሩ ሞዴልን ከልጆች መጫወቻ የሚለየው የአካሉ ቀለም ነው፤ ስለዚህም ይህ ጽሑፍ አብዛኛውን ቦታ የሚሰጠው ለቀለምና ከቀለም በፊት ላለው ዝግጅት ነው።

ምክንያቱ በስሌት ይታያል። ለመኪና በብዛት የሚሠራባቸው መጠኖች ሁለት ናቸው፤ እንደ ታሚያ፣ ሃሴጋዋና ፉጂሚ ያሉት የጃፓን አምራቾች 1/24ን ሲከተሉ፣ እንደ ኤኤምቲ ያሉት የአሜሪካ አምራቾች በአመዛኙ 1/25ን ይከተላሉ። በ1/24 በሳጥኑ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ፣ ከበሩ እጀታ እስከ መሪው ድረስ፣ ሃያ አራት ጊዜ አንሷል። ቀለሙ ግን አላነሰም። በሞዴሉ ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለም ቢያርፍ በእውነተኛው መኪና ላይ 2.4 ሚሊ ሜትር እንደማልበስ ይቆጠራል፤ በዚህ ውፍረት የበሩ ክፍተት ይደፈናል፣ የስም ምልክቱ ይዋጣል፣ ጠርዙ ሁሉ ይዶለዱማል። በሜታሊክ ቀለም ውስጥ ያሉት የብረት ብናኞችም እንዲሁ አያንሱም፤ ለእውነተኛ መኪና የተቀመመ ሜታሊክ በትንሽ አካል ላይ ሲያርፍ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። እንግዲህ የቀቢው ሥራ ፋብሪካው ሊያሳንሰው ያልቻለውን ነገር በእጁ ማሳነስ ነው።

ለምሳሌ የምንወስደው ታሚያ በ1/24 ያወጣውን የ1966 እ.ኤ.አ. ቮልስዋገን 1300 ነው። ሲጠናቀቅ ርዝመቱ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን መምረጣችን ለአዲስ አበባ ሰው ልዩ ጥቅም አለው፤ ቮልስ ዛሬም በከተማው መንገድ ስለማይጠፋ፣ ሌላው ዓለም በፎቶግራፍ የሚያጠናውን ዝርዝር በዓይን ለማየት ይቻላል። ባለቤቱን አስፈቅዶ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላና በመስኮት በኩል ወደ ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሳት ከማንኛውም መመሪያ ይበልጣል። ይሁን እንጂ በጎዳና ላይ ያለው ሁሉ የ1966 መኪና አለመሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። የ1966ቱ የፊት መብራቶች በተጋደመ መስታወት የተሸፈኑና ወደ ኋላ ያዘነበሉ ሲሆኑ፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው፤ ፓራውልቱም ተለውጧል። ዕድሜ ጠገብ መኪና ደግሞ በየጋራዡ ሲጠገን ብዙ ነገሩ ስለሚቀየር፣ የምናየው ዝርዝር የፋብሪካው ይሁን የጋራዡ ለይቶ ማወቅ የዚህ ትርፍ ጊዜ ሥራ አንዱ ደስታ ነው።

ስለ ዕቃ አቅርቦት አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ኪቱን በሻንጣው ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ በጣሳ ያለ የሚረጭ ቀለም ግን ተቀጣጣይ በመሆኑ በእጅም ሆነ በሚጫን ሻንጣ በአውሮፕላን አይፈቀድም። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለ ሠሪ በአብዛኛው የሚቀረው ምርጫ አነስተኛ የቀለም መርጫና ኮምፕሬሰር ይዞ፣ የመኪና ቀለም ቀምመው ከሚሸጡ ሱቆች ጥቂት መግዛት ነው። ይህ ቀለም ይሠራል፤ ነገር ግን ጠንካራው ቲነር የኪቱን ፕላስቲክ፣ ማለትም ፖሊስታይሪንን፣ ስለሚበላው ያለ መሠረት ቀለም በቀጥታ አይረጭም። ሃርድነር (ማጠንከሪያ ፈሳሽ) የሚጨመርበትን ዓይነት ደግሞ ለቤት ውስጥ ሥራ ፈጽሞ አልመክርም፤ በውስጡ ያለው አይሶሳያኔት ሳንባን የሚጎዳ ነገር ነው። በሌላ አገር የሚኖርና የሞዴል ሱቅ የሚያገኝ ሰው የታሚያን የቲኤስ ምልክት ያለውን ጣሳ ይግዛ እንጂ ፒኤስ የሚለውን አይውሰድ፤ ሁለተኛው የተሠራው በሪሞት ለሚነዱ መኪናዎች አካል፣ ለፖሊካርቦኔት ነው። የትኛውንም ቀለም ቢይዙ መጀመሪያ በፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ላይ መሞከር ነው።

የመመሪያው ወረቀት ብዙውን ጊዜ ከሻንሲው ወይም ከሞተሩ ይጀምራል። እኛ ግን ከአካሉ እንጀምራለን፤ ቀለም እስኪደርቅ የሚያስፈልገው ቀን ብዙ ስለሆነ በመካከሉ ሌላውን መሥራት ይቻላል። አካሉን በለብ ያለ ውኃና በሳህን ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማጠብ የመጀመሪያው ተግባር ነው፤ በፋብሪካ ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቅ የተደረገበት ቅባት ከቀረ ቀለም አይዝም።

ከታጠበ በኋላ አካሉን በመስኮት ብርሃን ፊት አጋድሞ ማዞር ነው። የቅርጽ ማውጫው ግማሾች በተገናኙበት ቦታ የቀረ ፀጉር የመሰለ መስመር በፓራፋንጎዎቹ ጀርባ፣ በጣሪያው ጠርዝና በመስኮት ምሰሶዎች ላይ ይታያል። ጀማሪዎች ይህን መስመር ቀለም ይሸፍነዋል ብለው ይተዉታል፤ አንጸባራቂ ቀለም ግን ያጎላዋል እንጂ አይሸፍነውም። በቢላዋ ጀርባ ቀስ ብሎ ፍቆ በ600 ቁጥር፣ ከዚያም በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ውኃ እየነከሩ ማለስለስ ይበቃል። ጎድጎድ ያለ ቦታ ከተገኘ ለሞዴል የሚሆን ስቱኮ በስሱ ይሞላና ሲደርቅ ይፋቃል። የጋራዥ ስቱኮ ለዚህ ይሻክራል።

ቀጥሎ የሚመጣው በብዙዎች ዘንድ የሚዘለለው ሥራ ነው፤ የበሩን፣ የኮፈኑንና የሞተር ክዳኑን መስመር ጥልቀት መጨመር። ቀለሙ ገብቶ መስመሩን እንደሚያጠበው ስለምናውቅ አስቀድመን በመርፌ ወይም በቢላዋ ጀርባ፣ ምንም ሳንጫን፣ በተደጋጋሚ እንስባለን። በአንድ ስበት ለመጨረስ የሚሞክር እጅ ይስታል፣ በአካሉም ላይ ጭረት ይተዋል። በቮልስ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ፓራፋንጎዎቹ ከአካሉ ጋር የሚታሰሩት በብሎን ሲሆን በመካከላቸው ቀጭን የጎማ ጥብጣብ አለ፤ ስለዚህ ይህ መገጣጠሚያ እንደ በር ክፍተት ባዶ ጥላ አይደለም። እንደ መኪናው ጥብጣቡ ጥቁር ወይም የአካሉ ቀለም ሊሆን ስለሚችል ፎቶግራፉን አይቶ መወሰን ይገባል። ይህን መስመር እንደ በሩ መስመር የሚያጠቁር ሠሪ፣ መኪናውን በሚያውቅ ሰው ዓይን ወዲያው ይታወቃል።

የመሠረት ቀለም ሦስት አገልግሎት አለው፤ ፕላስቲኩን ከቲነር ይጠብቃል፣ ላይኛውን ቀለም ያስይዛል፣ ያልታየ ጭረት ያሳያል። ለጨለማ ቀለም ግራጫ፣ ለቀይ፣ ለቢጫና ለነጭ ደግሞ ነጭ መሠረት ይመረጣል። የኪቱ ፕላስቲክ ራሱ ቀይ ከሆነና ላዩን ነጭ መቀባት ከተፈለገ፣ ቀዩ ቀስ በቀስ ሰርጎ ነጩን ሮዝ ያደርገዋል፤ መከላከያው በመካከል አንድ ዙር የብር ቀለም መርጨት ነው። መሠረቱ ሲደርቅ በ1500 ቁጥር ወረቀት በውኃ በስሱ ይለሰልሳል። አቧራው ከታጠበ በኋላ አካሉ በባዶ ጣት አይነካም።

ለመርጨት አካሉን ከውስጥ በኩል በጠርሙስ ወይም በተጠቀለለ ካርቶን ላይ አጥብቆ ማሰር፣ እጅን ነፃ ያደርጋል። ጣሳ ከሆነ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ ግፊቱን ያሻሽላል፤ በእሳት ወይም በፈላ ውኃ ማሞቅ ግን የሚፈነዳ ነገር መሥራት ነው። በመርጫ ከሆነ ላከር ቀለም (ቲነሩ ሲተን ቶሎ የሚደርቀው ዓይነት) ወተት እስኪመስል በቲነር ይቀጥናል፣ በ0.3 ሚሊ ሜትር አፍንጫም ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ግፊት ይበቃዋል። ጣሳው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲፈልግ መርጫው ቀረብ ይላል። እጁ ሁልጊዜ ከአካሉ ውጭ መርጨት ይጀምራል፣ አልፎትም ያቆማል፤ በአካሉ ላይ ጀምሮ በአካሉ ላይ የሚያቆም ሰው ጠብታ ያወርዳል። የመጀመሪያው ዙር ከሥር ያለውን መሸፈን የለበትም፤ እንደ ጉም ይረፍና ይቆይ። ሁለተኛውም እንዲሁ ስስ ይሁን። እርጥብ ብሎ የሚያበራው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ዙር ነው፤ እዚያ ላይም ማቆም ነው፤ አንድ ዙር ልጨምር የሚለው ፈተና ከፍተኛ የሚሆነው ሥራው ባማረበት ሰዓት ነውና።

የአየሩ ጠባይ ከሠሪው ችሎታ የማያንስ ድርሻ አለው። በክረምት ዝናብ ሰዓት የተረጨ ላከር ነጭ ጭጋግ ይለብሳል፤ ቲነሩ ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት እዚያው ይጤዛል። ፀሐይ የወጣበትን ረፋድ መጠበቅ ይሻላል። በበጋ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ በደረቅ አየርና በነፋስ ቀለሙ አካሉ ላይ ሳይደርስ ደርቆ ሻካራ ሆኖ ያርፋል፣ አቧራም ይከተለዋል። ከመርጨት በፊት ወለሉን ውኃ ማርከፍከፍና የተቀባውን ወዲያው በንጹሕ ሳጥን መክደን ይረዳል። በየትኛውም ወቅት መስኮት ይከፈት፤ የሚደረገውም ጭንብል ለቀለም ተን የተሠራ ማጣሪያ ያለው ይሁን፤ የጨርቅ ማስክ ብናኙን እንጂ ተኑን አያግድም።

ቀለሙ መድረቁ የሚታወቀው ከሽታው ነው። አካሉን ወደ አፍንጫ አቅርበን የቲነር ሽታ ካለ ገና ነው። ሽታው ሲጠፋ፣ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ገጽ ካለ በ2000 ቁጥር ወረቀት በውኃ ይለሰልሳል፤ በጠርዞች ላይ ግን ወረቀቱ አይደርስም፤ ቀለም እዚያ በጣም ስስ ስለሆነ አንድ ፍቅታ ፕላስቲኩን ያወጣዋል። በውኃ ተነክሮ የሚለጠፍ ምልክት ካለ በዚህ ጊዜ ይለጠፍና ግልጽ ቫርኒሽ በስሱ ይረጭበታል። በላከር ላይ ኢናሜል (ቀስ ብሎ የሚደርቅ የዘይት ቀለም) ማስከተል ይቻላል፤ በኢናሜል ላይ ላከር ካረፈ ግን ሥሩን አሟሙቶ ይሰነጥቀዋል። በመጨረሻ የመወልወያው ቅባት ከሻካራ ወደ ለስላሳ እየተለወጠ በጥጥ ጨርቅ ይወለወላል። የ1966 ቮልስ እንደ ዘመኑ የስፖርት መኪና ማሳያ ማንጸባረቅ የለበትም፤ ለእኔ ለዓይን የሚያሳምነው መለስተኛ ድምቀት ነው።

አካሉ እስኪደርቅ ሻንሲውና ውስጡ ይሠራሉ። ክፍሎቹን ተያይዘው ከመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ለመለየት በመቁረጫ ፒንሳ መጀመሪያ ራቅ ብሎ፣ ከዚያ ቀረብ ብሎ ሁለት ጊዜ መቁረጥ ፕላስቲኩ እንዳይቦደስ ያደርጋል። የሞዴል ማጣበቂያ ፕላስቲኩን አሟሙቶ የሚያዋሕድ ስለሆነ ትንሽ ይበቃዋል፤ ሁለቱን ክፍሎች ገጥሞ ይዞ በስንጥቁ ብሩሹን መንካት ነው፣ ፈሳሹ ራሱ ሰርጎ ይገባል። የተቀባ ወይም ክሮም የለበሰ ቦታ በዚህ አይጣበቅምና መገናኛው አስቀድሞ ይፋቅ። የክሮሙ ክፍል ከተበላሸ ወይም ከመጠን በላይ ካብለጨለጨ በበረኪና ውስጥ ቢዘፈዘፍ ልባሱ ይለቃል፤ ከታጠበ በኋላ እንደገና ይቀባል። የጎማዎቹ መሬት የሚነካ ገጽ በብርጭቆ ወረቀት አንዴ ሲፈተግ የፋብሪካ ብልጭታው ይጠፋና ያገለገለ ጎማ ይመስላል።

መስኮቶች በሱፐር ግሉ አይጣበቁም፤ ከሱፐር ግሉ የሚወጣው ተን መስታወቱን ነጭ ያደርገዋል። የእንጨት ሥራ ነጭ ኮላ ሲደርቅ ግልጽ ስለሚሆን ለመስኮትም ለፊት መብራትም ምርጥ ነው፤ በስቴኪኒ ጫፍ ይቀባል፣ የተረፈውም በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል። በመስኮቱ ዙሪያ ያለውን ጎማ ለመቀባት ቀጭን የወረቀት ፕላስተር ለጥፎ ግማሽ አንጸባራቂ ጥቁር መቀባት ነው፤ ሙሉ አንጸባራቂ ጥቁር ጎማን አይመስልም። ፕላስተሩ ሲነሳ ወደ ላይ አይጎተትም፤ በራሱ ላይ ታጥፎ ቀስ ብሎ ይሳባል።

የበሩንና የኮፈኑን መስመር ለማጉላት በጣም የቀጠነ ኢናሜል በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ይነካል፤ በመስመሩ ውስጥ ራሱ ይሮጣል። ለነጭ መኪና መካከለኛ ግራጫ፣ ለቀይ ጥቁር ቡናማ ይበቃል፤ ንጹሕ ጥቁር መኪናውን በእርሳስ የተሳለ ያስመስለዋል። አካሉ ከሻንሲው ጋር ሲገጠም ጎኖቹን በትንሹ ወደ ውጭ ገፋ አድርጎ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ሳይጣበቅም አንዴ ተሞክሮ አራቱ ጎማዎች በመስታወት ላይ እኩል መቆማቸው ይታይ። ፓራውልቶች፣ ዝናብ መጥረጊያዎችና ስፖኪዮ በእጅ ንክኪ ስለሚሰበሩ ከሁሉም በኋላ በወረንጦ ይያዛሉ፤ በኋላው የሞተር ክዳን ላይ የሚያርፈው የ1300 ምልክትም ከእነርሱ ጋር ይገጠማል።