ግማሽ ጊዜ ጠርቶ ዝም የሚለው ስልክ፦ የኢንተርኔት የቤት ስልክ ችግርና መፍትሄ

ከመሃል ከተማ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ ገላንና ወደ ለገጣፎ የተዛወሩ ቤተሰቦች የመዳብ የስልክ መስመራቸውን ትተው ይመጣሉ፤ የቤት ስልካቸውን ግን ብዙዎቹ አይጥሉትም። በተለይ በዕድሜ የገፉ ወላጆች ባሉበት ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥና ትልልቅ ቁጥሮች ያሉት ስልክ በንክኪ ስልክ በቀላሉ አይተካም። ይህን ስልክ ከራውተር ጋር አገናኝቶ በኢንተርኔት እንዲሠራ የሚያደርገው ርካሽ ሳጥን በሙያው ስም ኤቲኤ ይባላል፤ እኔ ግን እዚህ «ሳጥኑ» እያልሁ እቀጥላለሁ። ገመድ እንዴት እንደሚሰካና ራውተር እንዴት እንደሚበራ አላስረዳም። የምጽፈው ሁሉም ተሰክቶና በርቶ ሳለ ስለሚመጣው ብልሽት ነው።

ከዚያ በፊት የማልደራደርበትን አንድ ነገር ላስቀድም። የጥሪ አካውንቱ ፈቃድ ካለው ኦፕሬተር የተገኘ መሆን አለበት፤ ሳጥኑም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚያውቀው ዓይነት ይሁን። ከውጭ አገር የሚመጣን ጥሪ በኢንተርኔት ተቀብሎ በአገር ውስጥ መስመር ወይም ሲም ካርድ ማሳለፍ በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። «ገንዘብ ያስገኛል» እያለ ብዙ ሲም ካርድ የሚወስድ ሳጥን ይዞ ሰፈር ለሰፈር የሚዞር ሰው ከመጣ፣ በሩን ዝጉበት።

ምልክት፦ እጀታው ሲነሣ መስመር የለውም

በድሮው ስልክ እጀታውን ስናነሣ የምንሰማው ድምፅ ከማዕከል ይመጣ ነበር። አሁን ድምፁን የሚፈጥረው ሳጥኑ ራሱ ነው፤ ብዙዎቹም አካውንቱ ካልተመዘገበ፣ ማለትም ሳጥኑ በኢንተርኔት ከኦፕሬተሩ ጋር ካልተገናኘ፣ አያሰሙትም። ስለዚህ በመጀመሪያ የስልክ ምልክት ያለባትን መብራት ይመልከቱ። መብራቷ ከበራች ችግሩ በሳጥኑና በስልኩ መካከል ነው፤ የስልኩ ገመድ «ላይን» በሚለው ቀዳዳ ሳይሆን «ፎን» በሚለው መሰካቱን ያረጋግጡና በሌላ ገመድ ይሞክሩ። መብራቷ ከጠፋች ወይም ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ሳጥኑ አልተመዘገበም፤ በእኛ ሰፈሮች የዚህ ዋና ምክንያት መብራት ጠፍቶ መምጣቱ ነው። መብራት እንደ መጣ ሳጥኑ በፍጥነት ይነሣል፤ ኦፕሬተሩ የሰጠው የፋይበር ሳጥንና ራውተሩ ግን ገና ናቸው። ኢንተርኔት ያጣው ሳጥን ጥቂት ይሞክርና ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል። መፍትሄው የራውተሩ የኢንተርኔት መብራት እስኪረጋ ጠብቆ ሳጥኑን ነቅሎ መሰካት ነው። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ቤት ለሳጥኑ የራሱ ማብሪያና ማጥፊያ ያለው ዲቫይደር ይስጡት።

ምልክት፦ ስልኩ ግማሽ ጊዜ ጠርቶ ዝም ይላል

ከሁሉ በላይ የምጠራው ለዚህ ብልሽት ነው፤ ከሁሉ በላይ በሐሰት የሚመካኝበትም ይኸው ነው። ወደ ውጭ መደወል ይቻላል፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ከውጭ ሲደወል ግን ስልኩ አጭር ድምፅ አሰምቶ ይቆማል። ባለቤቱ ሮጦ እጀታውን ሲያነሣ መስመር የለም፤ ከደቂቃ ወይም ከሁለት ደቂቃ በኋላ ግን ሁሉም ነገር እንዳልተነካ ሆኖ ይሠራል። «ኔትወርኩ ነው» ይባላል፤ ፓኬጁ ከፍ ይደረጋል፣ ራውተሩ ይቀየራል፣ ስልኩ ራሱ ይጣላል። ኔትወርኩ ግን ምንም አላደረገም። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሳጥኑ ጠፍቶ እንደገና እየተነሣ ነበር።

ምክንያቱ ኃይል ነው። ሳጥኑ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ጥቂት ኃይል ይበቃዋል፤ ሲነጋገሩበትም ብዙ አይጨምርም። ጥሪ ሲመጣ ግን የስልኩን ደወል የሚያስጮኸው እሱ ራሱ በመሆኑ፣ ከአዳፕተሩ የሚቀበለውን 5 ወይም 12 ቮልት ብዙ አሥር ቮልት ወዳለው፣ በአንዳንዱም ወደ 90 ወደሚጠጋ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ከፍ አድርጎ፣ በሴኮንድ 20 ወይም 25 ጊዜ እያመላለሰ መላክ አለበት። ደካማ አዳፕተር ሜዳ ላይ ደህና ሄዶ እንጦጦ ዳገት ላይ እንደሚጠፋ አሮጌ መኪና ነው፤ ደወሉ ሲጀምር ቮልቱ ይወርዳል፣ ሳጥኑም ይጠፋል።

ለማረጋገጥ አንድ ሰው በሞባይል ይደውልና እርስዎ ዓይንዎን ከሳጥኑ መብራቶች ላይ አያንሡ። በመጀመሪያው ጥሪ መብራቶቹ በሙሉ ጠፍተው እንደ አዲስ ተራ በተራ ከበሩ፣ ጉዳዩ የኃይል ነው፤ ሌላ ነገር አይፈልጉ። መብራቶቹ ሳይነቃነቁ ጥሪው ብቻ ከቆመ ግን ወደሚቀጥሉት ክፍሎች ይለፉ። መብራቶቹን ማየት የማይመች ከሆነ የሳጥኑን ገጽ በኮምፒውተር ይክፈቱ፤ ከተነሣ ስንት ጊዜ እንደሆነው የሚናገር መስመር አለ። ዛሬ ማንም ሳይነካው የተነሣበት ሰዓት በደቂቃዎች የሚቆጠር ከሆነ መልሱን አግኝተዋል። የሳጥኑን አድራሻ ለማወቅ በግራንድስትሪም ሳጥኖች ላይ ሦስት ጊዜ ኮከብ፣ በሊንክሲስና በሲስኮ ሳጥኖች ላይ አራት ጊዜ ኮከብ ተጭነው ማዳመጥ ይቻላል።

አዳፕተሩን ነቅለው በቴስተር ለክተው «5.1 ቮልት ይሰጣል፣ ደህና ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ ልኬት ምንም አይነግርም። ውስጡ ያለው ካፓሲተር የደረቀ አዳፕተር ጭነት በሌለበት ጊዜ ሙሉ ቮልት ያሳያል፤ መለካት ያለበት ከሳጥኑ ጋር እንደተያያዘ፣ ስልኩ እየጠራ ሳለ ነው። የ5 ቮልት ሳጥን በዚያች ቅጽበት ከ4.75 በታች ከወረደ አዳፕተሩን ይጣሉት። ገመዱንም አይርሱ፦ ግማሽ ኦም ብቻ መቋቋም ያለው ቀጭን ገመድ አንድ አምፔር ሲያልፍበት ግማሽ ቮልት ይውጣል፤ ርካሽ የቻርጀር ገመዶች ደግሞ በዚህ የታወቁ ናቸው።

አንድ ቱሉ ዲምቱ ያለ ቤት ውስጥ እማማ ልጆቻቸው ከውጭ ሲደውሉ ስልኩ «እየሸሸ» እንደሆነ ሲናገሩ ከረሙ። ቤተሰቡ ራውተሩን አስቀይሮ ነበር። የልጅ ልጃቸው የሳጥኑን አዳፕተር ለድምፅ ማጉያው ወስዶ፣ በምትኩ አንድ የቆየ የሞባይል ቻርጀር ሰክቶ ኖሯል። ለገጣፎ አንድ ቪላ ደግሞ ሠራተኛው ሶኬት ለመቆጠብ ሳጥኑን ከራውተሩ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ሰክቶታል፤ የተለመደው የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ የሚሰጠው ግን ግማሽ አምፔር ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ወደ ሰበታ መውጫ ያለ ቤት ነበር፤ ስልኩ ጠዋትና ከሰዓት ይጠፋል፣ ማታና እሑድ ደህና ነው። ጎረቤቱ ብየዳ ቤት ነው። ማሽኑ ሲነሣ የሰፈሩ 220 ቮልት ይወርዳል፤ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ርካሽ አዳፕተርም ጽሑፉን ማክበር አልቻለም። በደህና አዳፕተር ሲተካ ብየዳው ቀጠለ፣ ስልኩም መጥራቱን ቀጠለ።

ስለነዚህ አዳፕተሮች ትዕግሥቴ አልቋል። ላዩ ላይ «2 አምፔር» ተጽፎ፣ ሲያነሡት ባዶ ቆርቆሮ የሚመስል ነገር ገዝቶ የሳጥኑን ዋጋ ማጥፋት ቁጠባ አይደለም። ሲገዙ ቮልቱ ከሳጥኑ ጀርባ ከተጻፈው ጋር አንድ ይሁን፤ አምፔሩ ከተጻፈው ሊበልጥ ይችላል፣ ሊያንስ ግን አይገባም። የመሰኪያው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አቀማመጥም በሥዕሉ እንደሚታየው ይሁን። እባካችሁ የራውተሩን አዳፕተር ከሳጥኑ ጋር አታቀያይሩ፤ መሰኪያቸው ልክ አንድ ሊሆን ይችላል፣ አንዱ ግን 12 ቮልት ሌላው 5 ነው። ይህን ያደረገ ሰው ጢስ ያያል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠገን ነገር የለም። ሁለቱ ላይ በማርከር ይጻፉባቸው።

አዳፕተሩ ደህና ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ በቤቱ ውስጥ ስንት ስልክ እንደተያያዘ ይቁጠሩ። ሳሎን አንድ፣ መኝታ ቤት አንድ፣ ማድ ቤት አንድ፣ ዘበኛ ቤት አንድ ብለው በአንድ ቀዳዳ ላይ ሁሉንም ሲያንጠለጥሉ፣ በተለይ የድሮ ደወል ያላቸው ስልኮች ካሉ፣ ጭነቱ ከሳጥኑ አቅም ያልፋል። አንዱን ብቻ ትተው ይሞክሩ። እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ሳጥኑን ከግድግዳው የስልክ ቀዳዳ ጋር አገናኝቶ በቤቱ ሁሉ ለማዳረስ የሚያስብ ሰው፣ ከውጭ የሚገባው የድሮው የመዳብ መስመር መቆረጡን በዓይኑ ማየት አለበት። የመዳብ መስመር 48 ቮልት ገደማ ይዞ ይመጣል፤ ጥሪ ሲመጣበትም ከዚያ ይበልጣል። ሳጥኑ ከእሱ ጋር ከተገናኘ የስልክ ቀዳዳው ይቃጠላል። «መስመሩ ከሞተ ቆይቷል» የሚለውን አትመኑ፤ የሞተ መስመር ሳይታሰብ ይነሣል።

ምልክት፦ እኔ እሰማለሁ፣ እሱ አይሰማኝም

የዚህ ዋና መነሻ በተከታታይ የተያያዙ ሁለት ራውተሮች ናቸው። ኦፕሬተሩ የሰጠው የፋይበር ሳጥን ራሱ ራውተር ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ዋይፋይ እንዲሰፋለት ሌላ ገዝቶ ከኋላው ይሰካል። ጥሪውን የሚያቋቁመው መልእክት፣ በአብዛኛው በፖርት (በኢንተርኔት ላይ ቁጥር በተሰጠው በር) 5060 የሚሄደው፣ ይደርሳል፤ ስልኩም ይጠራል። ድምፁ ግን በሌላ ፖርት ስለሚጓዝና ሳጥኑ የውስጥ አድራሻውን ለሌላው ወገን ስለሚናገር፣ አንደኛው ድምፅ መንገድ ላይ ይቀራል። ሳጥኑን በቀጥታ ከመጀመሪያው ራውተር ጋር ያያይዙ፤ ወይም ሁለተኛውን አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ዋይፋይ የሚያሰራጭ ብቻ፣ እንዲሆን ያስተካክሉ። ከዚያም በራውተሩ ቅንብር ውስጥ የጥሪ መልእክቶችን መንገድ ላይ የሚያስተካክለውን፣ «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚባለውን ያጥፉ። ይህ ነገር ለመርዳት ተብሎ የተሠራ ነው፤ እኔ ግን ሲያበላሽ እንጂ ሲረዳ ብዙም አላየሁትም። ካልተስተካከለ በሳጥኑ ላይ የስተን ሰርቨር (ለሳጥኑ ከውጭ የሚታየውን አድራሻውን የሚነግረው) በፖርት 3478 ማስገባት ይሞከራል።

ምልክት፦ መደወል ይቻላል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ጥሪ አይገባም

ራውተሩ ሳጥኑ የከፈተውን መንገድ ዝምታ ሲበዛ ይዘጋዋል። በሳጥኑ ቅንብር ውስጥ «ኪፕ አላይቭ» የሚለውን በየ20 ወይም በየ30 ሴኮንዱ እንዲልክ ያድርጉ። በሲም ካርድ በሚሠራ የዋይፋይ ራውተር ላይ ይህ የግድ ነው።

ምልክት፦ ድምፁ ይቆራረጣል

አንድ ጥሪ ጂ.711 በሚባለው የድምፅ መጭመቂያ ዓይነት በእያንዳንዱ አቅጣጫ በሴኮንድ 87 ኪሎቢት ገደማ ይበላል፤ ይበልጥ በሚጨምቀው በጂ.729 ወደ 31 ይወርዳል። ሁለቱም ትንሽ ናቸው፤ የሚያስቸግረው የፍጥነቱ ማነስ ሳይሆን መዋዠቁ ነው። ድምፁ የሚቆራረጠው ለሌላው ሰው ብቻ ከሆነ ወደ ላይ የሚላከው መስመር ተጨናንቋል፤ ቤት ውስጥ ቪዲዮ የሚጭን ወይም የስልኩን ፎቶ ወደ ደመና የሚያስቀምጥ ሰው ይፈልጉ። ራውተሩ ለድምፅ ቅድሚያ የሚሰጥ ቅንብር ካለው ያብሩት። ሳጥኑን በዋይፋይ ማራዘሚያ አማካይነት ያገናኘ ሰው ስለ ድምፅ ጥራት ባያማርር ይሻላል፤ ገመድ ይዘርጋ።

ሳይበዙ የሚያጋጥሙ

ማሽን «አንድን ይጫኑ» ሲል ቁጥሩን ካልተቀበለ፣ የቁጥር ድምፅ አላላኩን ወደ አርኤፍሲ 2833 ይቀይሩ። ቁጥር ደውለው ሲጨርሱ ብዙ ሴኮንድ የሚያስጠብቅ ከሆነ መጨረሻው ላይ መሰላል ይጫኑ። የደዋዩ ቁጥር ካልታየ የስልኩና የሳጥኑ የቁጥር ማሳያ ዓይነት አልገጠሙም። ቁጥሩ በጣት የሚሽከረከርበትን የድሮ ስልክ አብዛኞቹ ሳጥኖች አይረዱትም። ወደ ውጭ ያልደወሉት ጥሪ በሒሳብ ላይ ከመጣ የሳጥኑ የይለፍ ቃል ከፋብሪካ እንደ ወጣ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ይቀይሩት፣ ከኢንተርኔት የሚከፈተውንም ገጹን ይዝጉ።

መብራት ሲጠፋ ይህ ስልክ አብሮ ይጠፋል። የመዳብ ስልክ ኃይሉን ከማዕከል ስለሚያገኝ በጨለማ ይሠራ ነበር፤ ይህ ግን ሳጥኑም፣ ራውተሩም፣ የፋይበሩም ሳጥን ሦስቱም ኃይል ይፈልጋሉ። ለሦስቱ የሚበቃ አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ካልተገዛ፣ በተለይ ብቻቸውን የሚውሉ አረጋውያን ባሉበት ቤት፣ የተሞላ ሞባይል ከስልኩ አጠገብ ይቀመጥ። ለፖሊስ 991፣ ለእሳት አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 የሚደወለውም በሞባይሉ ይሁን፤ አጫጭር ቁጥሮችን ሁሉም የኢንተርኔት አካውንት አያሳልፍም።

በክረምት ነጎድጓድ ካለፈ በኋላ ሳጥኑ በርቶና ተመዝግቦ፣ አዳፕተሩም ተቀይሮ፣ በሌላ ስልክና በሌላ ገመድ ተሞክሮ አሁንም መስመር የማይሰጥ ከሆነ የስልክ ቀዳዳው ተቃጥሏል። ሁለት ቀዳዳ ያለው ሳጥን ከሆነ አካውንቱን ወደ ሁለተኛው ያዛውሩት። አንድ ብቻ ካለው ሌላ ይግዙ፤ የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ይበልጣል።