ትልቁ ማሽን ሁልጊዜ አይሻልም፦ ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናትን ስናስተነፍስ የምንሳሳታቸው ስህተቶች

የምሠራው ከቃሊቲ አለፍ ብሎ፣ የከተማዋ ጫፍ ላይ ባለ ሆስፒታል፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። ባለፈው ክረምት በ27 ሳምንቱ የተወለደ ልጅ አባት ኮሪደር ላይ አገኘኝና «ሲስተር፣ ገንዘብ ከሆነ ተበድረንም እናመጣለን፤ ብቻ ትልቁ ማሽን ላይ አስገቡልን» አለኝ። ልጁ ሲፓፕ ላይ ነበር፤ በአፍንጫው አየር በማያቋርጥ ግፊት የሚሰጥ ቀላል መሣሪያ ነው። ውኃ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ቱቦ ለአባትየው ሕክምና አልመሰለውም። አልፈረድኩበትም። እኛ ባለሙያዎቹም እንደሱ የምናስብበት ጊዜ አለ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ሲፓፕን የድሃ አማራጭ አድርጎ ማየት። ከ28 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ ሳንባው ሰርፋክታንት፣ ማለትም ሳንባው እንዳይጣበቅ የሚያደርገው ንጥረ ነገር፣ ያንሰዋል። ስለዚህ ትንንሾቹ የአየር ከረጢቶች ባስወጣ ቁጥር ይጣበቃሉ። ሲፓፕ ከረጢቶቹን ክፍት አድርጎ ይይዝለታል፤ የሚተነፍሰው ግን ልጁ ራሱ ነው። አባትየው የለመነው ትልቁ ማሽን፣ ቬንቲሌተር፣ ግን አየሩን ወደ መተንፈሻ ቧንቧው በገባ ቱቦ ይገፋል፣ ያን ስስ ሳንባም ሊያቆስለው ይችላል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከ24 እስከ 27 ሳምንት የተወለዱ 1,316 ሕፃናትን አወዳድሮ ነበር። ከወሊድ ክፍል በሲፓፕ የጀመሩት፣ ወዲያው ቱቦ ገብቶላቸው ሰርፋክታንት ከተሰጣቸው የባሰ ነገር አልገጠማቸውም። በማሽን የተነፈሱባቸው ቀናትም ያነሱ ነበሩ።

ሌላው ማዘግየት ነው። ልጁ እያቃሰተ፣ ደረቱ እየሰረጎደ «እስኪ መጀመሪያ በኦክስጅን እንየው» እንላለን። የተጣበቀ ሳንባን መክፈት ክፍቱን ከመጠበቅ በብዙ ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ ከ32 ሳምንት በፊት ለተወለዱት ችግር ሳይታይባቸውም ሲፓፕ ወዲያው መጀመር እንደሚቻል ይላል። ግን ግትር መሆንም አያስፈልግም። የሲፓፑ ግፊት 6 ሴንቲ ሜትር ውኃ ሆኖ ከ30 በመቶ በላይ ኦክስጅን ከፈለገ ሰርፋክታንት ይታሰብ። ትንፋሹ ደጋግሞ ከቆመ ደግሞ ቬንቲሌተሩ ያኔ ነው የሚፈለገው።

ሲፓፑን አስሮ መሄድም አለ። ቱቦው 6 ሴንቲ ሜትር ውኃ ውስጥ ከገባ ግፊቱ 6 ነው፤ አረፋው ከቆመ ግን አየሩ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። ለዚያ አባት «አረፋው ካቆመ ይጥሩኝ» አልኩት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሮጦ መጣ። የአፍንጫው ቱቦ ወልቆ ነበር።

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ፤ ኦክስጅን። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የሚያሳየው ሞኒተር ላይ 100 ስናይ ደስ ይለናል። ኦክስጅን ለሚወስድ እንዲህ ያለ ልጅ ግን 100 አደጋ ነው፤ የዓይኑን ደም ሥሮች ያበላሻል። አንዲት እናት ለክትባት ያመጣችውን ልጅ አልረሳውም። ሌላ ቦታ ለሳምንታት ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ቆይቷል። መብራት ሳበራለት ዓይኑ አልተከተለም። ማነጣጠር ያለብን ከ90 እስከ 95 ነው። ከ90 በታች ማቆየትም ሞትን ይጨምራል፤ ስለዚህ «እንቀንስለት» ብሎ ዝም ብሎ መቀነስ መፍትሔ አይደለም። አየርና ኦክስጅን የሚቀላቅል ብሌንደር ካለ ከማንኛውም ዕቃ በፊት እሱን ጠግኑ። የዓይን ምርመራ ቀጠሮ ሳይያዝለትም ልጁ ወደ ቤት አይሂድ።

ቬንቲሌተር ግድ ሲሆን ትልቁ ስህተት ግፊቱን ሞልቶ መርሳት ነው። ሰርፋክታንት ሲገባ ሳንባው ይለሰልሳል፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ልክ የነበረው ግፊት አሁን ይበዛበታል። ማሽኑ አየሩን በመጠን መስጠት የሚችል ከሆነ ያንን ምረጡ፤ በኪሎ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሊትር። 900 ግራም ለሚመዝን ልጅ አንድ ትንፋሽ ከሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም! በዚህ መንገድ የሳንባ መቀደድም የአንጎል መድማትም ይቀንሳል። በየቀኑም «ዛሬ ቱቦው ሊወጣ ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካፌይን ካለ ቀድሞ ይሰጥ፤ ትንፋሹን ያነቃቃለታል።

ሙቀቱንም አትርሱ። ከ36.5 በታች የወረደ ልጅ በየትኛውም ማሽን ላይ ይደክማል። የኅዳር ሌሊት ብርዳችንን ታውቁታላችሁ።

የመጨረሻው ሪፈር ነው። ከኛ ወደ መሃል ከተማ ያለው መንገድ በከባድ መኪና ይዘጋል። ሳይደውሉ መላክ፣ ሲፓፑን ነቅሎ በጭንብል ኦክስጅን ብቻ መላክ፣ ሲሊንደሩ ስንት እንደቀረው ሳያዩ መላክ፤ ሦስቱንም አይቻለሁ። አምቡላንሱ ከግቢ ሳይወጣ ጌጁን በዓይናችሁ እዩት። የሚበቃው ለ20 ደቂቃ ከሆነ ሌላ ሲሊንደር ይጫን።