የካንሰር ምርምር ዜና ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

"የካንሰር መድኃኒት ተገኘ" የሚል ዜና ሲወጣ ስልካችን በአንዴ በመልእክት ይሞላል። ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለማ ሁሉንም ማመን ያምረናል። ተስፋውን አልነቅፍም። የምፈራው ዜናው ታማሚን ከጀመረው ሕክምና ሲያስወጣው ነው። ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአይጥን ውጤት ለሰው መቁጠር። ጁዳ ፎክማን የተባሉት ሐኪም ዕጢን ከሚመግበው የደም ሥር የሚያቆራርጡ ፕሮቲኖችን አግኝተው ነበር። አይጦቹ ላይ ዕጢው ጠፋ። በ1998 ኒው ዮርክ ታይምስ ዜናውን የፊት ገጹ ላይ አወጣው፤ ታማሚዎችም መድኃኒቱን ፍለጋ ተሯሯጡ። ፎክማን ግን ያኔውኑ አስጠንቅቀው ነበር፤ ማከም የቻልነው አይጥን ነው ብለው። ሰው ላይ ሲሞከር የተጠበቀው ውጤት አልመጣም። ሐሳቡ ግን አልሞተም። የዕጢን የደም ሥር የሚያግደው ቤቫሲዙማብ በ2004 ለትልቁ አንጀት ካንሰር ተፈቀደ።

ካንሰርን አንድ በሽታ አድርጎ ማየት። በ2022 ይፋ በሆነ ጥናት ኒው ዮርክ በሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል 12 የፊንጢጣ ካንሰር ታማሚዎች ዶስታርሊማብ የተባለ መድኃኒት ተሰጣቸው። የ12ቱም ዕጢ ጠፋ፤ ውጤቱ ይፋ እስከሆነበት ጊዜ ቀዶ ሕክምናም ጨረርም አላስፈለጋቸውም። እውነተኛና የሚያስደስት ዜና ነው። ግን የሁሉም ዕጢ ዲኤንኤ ሲገለበጥ የሚፈጠረውን ስህተት ማረም የማይችል ዓይነት ነበር። እንዲህ ያለ ዕጢ በስህተት ስለሚሞላ የሰውነት መከላከያ በቀላሉ ይለየዋል፤ መድኃኒቱ የመከላከያውን ፍሬን ያነሳለታል። ከፊንጢጣ ካንሰሮች ይህን ጠባይ ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው። ስለዚህ ሐኪሙን "ያ መድኃኒት ለምን አይሰጠንም?" ከማለት "የዕጢው ናሙና ለዚህ ጠባይ ተመርምሯል?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እውነቴን ነው፣ ይህች ጥያቄ ሕክምናውን ልትቀይር ትችላለች።

"ዕጢው አነሰ" ሲባል ዕድሜ ረዘመ ማለት አይደለም። ሁለቱ ለየብቻ ይለካሉ። ዜናው የትኛውን እንደለካ ፈልጉ።

ደግሞ ተቃራኒው ስህተት አለ፤ "ምርምሩ ምንም አላመጣም" ብሎ መተው። ኬራስ የተባለው ዘረመል በካንሰር ውስጥ ያለው ድርሻ የታወቀው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዘረመሉ የሚሠራው ፕሮቲን መድኃኒት የሚይዝበት ቦታ የለውም ተብሎ ለዓመታት ተስፋ ተቆርጦበት ነበር። ይህን ፕሮቲን የሚያግደው ሶቶራሲብ የተባለ መድኃኒት በ2021 ለሳንባ ካንሰር ሲፈቀድ 40 ዓመት ገደማ አልፎ ነበር። እሱም ቢሆን የሚሠራው ከኬራስ ለውጦች በአንዱ ላይ ብቻ ነው።