በአዋሽና በሀላይደጌ በረሃ ወፍና የዱር እንስሳ እንዴት ይታያል?

ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሄደው "ምንም አላየንም" ብለው የሚመለሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሰዓቱ ነው። ጠዋት ከአዲስ አበባ ይነሳሉ፣ አዳማ ላይ ቁርስ ይበላሉ፣ ፓርኩ በር ላይ ሲደርሱ ረፋድ 5 ሰዓት ይሆናል። በዚያ ሰዓት ሳላው ጥላ ፈልጎ ቆሟል፣ ወፉም ዝም ብሏል። መኪናው ብቻ ከጥግ ጥግ ይሮጣል። በረሃ ላይ እንስሳ በማሳደድ አይገኝም። እሱ የሚመጣበትን ሰዓትና ውሃ አውቆ፣ ቀድሞ ደርሶ መጠበቅ ነው የሚያዋጣው።

1. ወሩን ምረጡ

ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ አንዳንዴ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ እናንተም እንስሳቱም ትሰቃያላችሁ። በደረቁ ወራት ሣሩ ያጥራል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ እንስሳውም ውሃ ወዳለበት ይጠጋል። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎችም ያን ጊዜ እዚሁ ናቸው። ከመስከረም ጀምሮ ይገባሉ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ። ከቡልጋሪያና ከአካባቢው አገሮች የሚነሳው ነጩ ጥንብ አንሳ አንዱ ነው። ሳይንቲስቶች በሳተላይት ሲከታተሉት አፋር ድረስ መጥቶ እንደሚከርም አይተዋል። በዓለም ላይ ቁጥሩ እየተመናመነ ያለ ወፍ ስለሆነ ስታዩት ቆም ብላችሁ አጥግባችሁ እዩት።

ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውሉ። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን ተራሮች አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጡ ተደጋግሞ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተነስቷል። የአካባቢው ፀጥታም ከወር ወር ሊለያይ ይችላል። የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ የሚያውቁት እዚያ ያሉት ሰዎች ናቸው።

2. ዕቃችሁን አዘጋጁ

ከሁሉ የሚቀድመው ባይኖኩላር ነው። 8×42 የሚል የተጻፈበትን ያዙ። 8 ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ 42 ደግሞ የፊት መስታወቱን ስፋት በሚሊሜትር ይናገራል። ከዚያ በላይ የሚያቀርበው በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል፤ ከመሬት የሚነሳው ወላፈንም ምስሉን ያወዛውዘዋል።

ቤት ሳላችሁ አስተካክሉት። ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑና በመሃለኛው መዘውር ለግራው አጥሩት። ቀጥሎ ግራውን ጨፍኑና ቀኙ ዓይን የሚገባበት ቀለበት ላይ ብቻ አስተካክሉ። ከዚያ በኋላ መሃለኛውን ብቻ መንካት ይበቃችኋል። ይህን ሳያደርጉ ቀርተው "መነጽሩ ያደበዝዛል" የሚሉ ብዙ ናቸው።

ስልካችሁ ላይ ማርሊን የሚባለውን የወፍ መለያ አፕ ጫኑና ኢትዮጵያን የሚያካትተውን የወፍ ዝርዝር አዲስ አበባ እያላችሁ አውርዱ። በረሃው ላይ ኔትወርክ አይታመንም።

ልብሳችሁ የአፈር ቀለም ይኑረው። ኮፍያ አትርሱ። ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ውሃ ያዙ። መኪናው ከፍ ያለ ይሁን፤ ስኮርታ ጎማና ክሪክም ይኑረው፤ የግራር እሾህ ለጎማ አይራራም።

3. ዋዜማውን እዚያው እደሩ

ይህን አትዝለሉት። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ ተነሱና አዋሽ ሰባት፣ መተሃራ ወይም ፓርኩ ውስጥ እደሩ። የጂቡቲ መስመር በከባድ መኪና የተጨናነቀ ስለሆነ በጨለማ አትንዱ። መተሃራ ሳትገቡ በሰቃ ሐይቅ ጋ ቆም በሉ። እያደር እየሰፋ መንገዱን ያስቸገረ ሐይቅ ነው፤ ዳርቻው ላይ የውሃ ወፍ አይጠፋም።

4. ጠዋት 12 ሰዓት በሩ ላይ ተገኙ

መግቢያውን ከፍላችሁ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ያዙ። ስካውቱን እንደ ጥበቃ ብቻ አትዩት። ትናንት ማታ አንበሳ የት እንደጮኸ፣ የትኛው ኩሬ ገና ውሃ እንዳለው የሚያውቀው እሱ ነው። መጀመሪያ "ውሃ የት አለ?" ብላችሁ ጠይቁት።

የመጀመሪያውን ሁለት ሰዓት ለኢላላ ሳላ ሜዳ ስጡት። ስሙ እንደሚናገረው የሳላ አገር ነው። ሳላ ሴቱም ወንዱም ረጅም ቀጥ ያለ ቀንድ አለው፤ ፊቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ተሥሏል። ፀሐይ ሲበረታ ላብ ከማፍሰስ ይልቅ የሰውነቱ ሙቀት ከፍ እንዲል ይተወዋል። ውሃ የሚቆጥበው እንዲያ ነው። ከሳላው ጋር የሜዳ ፍየል፣ ከቁጥቋጦው ስር እንሹና ከርከሮ ታያላችሁ። ጎኑ ላይ ነጫጭ መስመር ያለው አምባራይሌ ግን ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ይወዳል። እሱን ለማየት ሞተር አጥፍቶ ዝም ማለት ያስፈልጋል።

ሜዳው ላይ ረጋ ብሎ የሚራመድ፣ ቁመቱ ከበግ የማያንስ ግራጫ ወፍ ካያችሁ ኮሪ በስታርድ ነው። ከሚበሩ ወፎች ሁሉ በክብደት ከቀዳሚዎቹ ይመደባል፤ ወንዱ ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ባይኖኩላራችሁን ጀርባው ላይ አሳርፉት። አንዳንዴ ደማቅ ቀይ ሮዝ የሆነ፣ ራሱ ሰማያዊ አረንጓዴ ትንሽ ወፍ ተቀምጦበት ታያላችሁ። ንብ በል ወፍ ነው። ትልቁ ወፍ በእግሩ ሣሩን ሲረግጥ አንበጣው ብድግ ይላል፤ ትንሹ ከጀርባው ተነስቶ አየር ላይ ይቀልበውና ተመልሶ እዚያው ያርፋል። በስታርዱ ግድም አይሰጠው! በፍየልና በሰጎን ጀርባም እንዲሁ ያደርጋል። ይህን ለማየት መኪናው ቢያንስ 20 ደቂቃ አንድ ቦታ መቆም አለበት።

5. ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ ውሃ ዳር ቁሙ

ፀሐይ ወጥታ ሞቅ ሲል ሳንድግራውስ የሚባሉት የአፈር መልክ ያላቸው ወፎች በመንጋ እየጮኹ ወደ ውሃ ይወርዳሉ። ደረቅ ዘር ስለሚበሉ ሳይጠጡ አይውሉም። ጫጩት ባላቸው ጊዜ ወንዱ ሆዱን ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፋል። የሆዱ ላባ ውሃ ይይዛል፤ ይዞት ብዙ ኪሎ ሜትር ይበርና ጫጩቶቹ ከላባው ይጠጣሉ። ከውሃው ራቅ ብላችሁ መኪና ውስጥ ቆዩ። ከቀረባችሁ ሳይጠጡ ይመለሳሉ፤ ያ ደግሞ ለጫጩቶቹ ሞት ሊሆን ይችላል።

ከ5 እስከ 9 ሰዓት ሜዳውን ተዉትና ወደ አዋሽ ፏፏቴ ውረዱ። የወንዙ ዳር ዛፍ ጥላ አለው፤ ጉሬዛና ጦጣም አለ። አዞ ስላለ ከውሃው ጠርዝ ራቁ። ዝንጀሮዎቹንም ልብ በሉ። ከፏፏቴው ወደ ላይ ያሉት ወይራማ መልክ ያላቸው አኑቢስ ናቸው። ወደ ታች ገደሉን ይዘው የሚኖሩት ደግሞ ሐማድርያስ ናቸው፤ ወንዱ እንደ ጋቢ ትከሻው ላይ የተጣለ ብርማ ጸጉር አለው። ሁለቱ እዚህ ተገናኝተው ይዋለዳሉ፤ የዓለም ተመራማሪዎችም ለዚሁ ብለው አዋሽ ድረስ መጥተው አጥንተዋቸዋል።

6. ሁለተኛ ቀን ካላችሁ ሀላይደጌ ሂዱ

ከአዋሽ ሰባት በገዋኔ መንገድ ወደ ሰሜን ስትሄዱ በስተቀኝ የሚዘረጋው ሰፊ ሜዳ ነው። ጠባብ መስመር ያለው የግሬቪ የሜዳ አህያ በኢትዮጵያ ከቀረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። አንገቱና እግሩ ሰማያዊ ግራጫ የሆነው የሶማሌ ሰጎንም እዚህ አለ። ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍ የግጦሹን ሣር እየወረረው ስለሆነ አፋሩም አውሬውም ተጎድቷል። ያለ ስካውትና ያለ አካባቢው ሰው አትግቡ። ከብት የሚጠብቅ ሰው ስታገኙ ሰላም በሉ፣ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ።

7. ወፉን እንዴት እንደምትለዩ

መጽሐፍ ወይም ስልክ ለማየት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ወፉን እዩ። በመጠን ከእርግብ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? መንቆሩ ቀጭን ነው ወፍራም? መሬት ላይ ነው ዛፍ ጫፍ? ጅራቱን ያወዛውዛል? ቀለም በመጨረሻ ይምጣ፣ የበረሃ ፀሐይ ቀለምን ያታልላል። ጅግራን፣ ቆቅን፣ አባ ኮዳንና ጭልፊትን ከልጅነታችሁ ታውቃላችሁ፤ አዲሱን ወፍ ከእነሱ ጋር እያስተያያችሁ ጀምሩ።

8. ልታደርጓቸው የማይገቡ

ከመኪና ያለ ስካውት ፈቃድ አትውረዱ። ለዝንጀሮና ለጦጣ ምግብ አትስጡ፤ አንዴ ከለመደ መኪና መዝረፍ ይጀምራል፣ መጨረሻው ለራሱም አያምርም። ወፍ እንዲወጣላችሁ ድምፁን በስልክ ደጋግማችሁ አታጫውቱ፤ በተለይ በእርባታ ወቅት ከጎጆው ታባርሩታላችሁ። የአዋሽ ድልድይና የባቡር መስመሩ አካባቢ ደግሞ ካሜራም ባይኖኩላርም አታውጡ። ጥበቃ ያለበት ቦታ ነው።

9. ያያችሁትን መዝግቡ

ማታ ሳይረሳ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የእንስሳውን ዓይነትና ስንት እንደነበረ ጻፉ። ኢበርድ የሚባለው አፕ ያለ ኔትወርክ ይመዘግባል፣ ከተማ ስትገቡ ይልካል። ከአገራችን በረሃ የሚላከው መረጃ ጥቂት ስለሆነ የእናንተ አንድ ዝርዝር ዋጋ አለው። ጎጆ ያገኛችሁበትን ትክክለኛ ቦታ ግን ፌስቡክ ላይ አታውጡ። እግሩ ላይ ቀለበት ወይም ጀርባው ላይ የመከታተያ መሣሪያ ያለው ጥንብ አንሳ ካያችሁ ፎቶ አንሱት፣ የቀለበቱን ቁጥርና ቀለም ጻፉ፣ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስጡ። ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ስር የሞተ ካገኛችሁም ሳትነኩት ምሰሶው ያለበትን ቦታ አብራችሁ አሳውቁ፤ ያ ምሰሶ ሽቦው ካልተሸፈነ ሌላም ወፍ ይገድላል።