ማንዳሪን ዓሣ ከመግዛታችሁ በፊት ምግቡን አርቡ

ማንዳሪንን አይቶ ልቡ የማይከጅል ሰው አላውቅም። ሰማያዊ ገላው ላይ ብርቱካናማ መስመር ይጥመለመላል። የአብዛኞቹ ሰማያዊ ዓሦች ቀለም የብርሃን ነጸብራቅ ነው፤ የእሱ ግን ቆዳው ሴሎች ውስጥ የተቀመጠ እውነተኛ ቀለም ነው። ርዝመቱ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው።

ቤት ከገባ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ረሃብ ነው። የትውልድ ቦታው ምዕራብ ፓስፊክ ነው፤ እዚያ ቀኑን ሙሉ ከድንጋይ ላይ ኮፔፖድ ይለቅማል። ኮፔፖድ ነጥብ የምታክል፣ ከሽሪምፕ ወገን የሆነች የውሃ ፍጥረት ናት። ጠዋትና ማታ ብቻ እየበላ የሚኖር ዓሣ አይደለም።

ስለዚህ የጨው ውሃ አኳሪየሙ ቆይቶ ይብሰል። እኔ ከአንድ ዓመት በታች በሆነ ውሃ ውስጥ አላስገባውም። 300 ሊትርና ብዙ ላይቭ ሮክ (ጥቃቅን ሕይወት ያለበት የባሕር ድንጋይ) ቢኖራችሁ ጥሩ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ፣ ጨዋማነቱ በስፔሲፊክ ግራቪቲ (ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) 1.025 ይሁን። ማታ መብራቱ ከጠፋ በኋላ መስታወቱን በእጅ ባትሪ እዩ። እኛ ቤት ይህ የልጄ ሥራ ነው፤ ነጫጭ ነጥቦች ሲርመሰመሱ ካየች ትጠራኛለች። ምንም ካልታየ ዓሣው ይቆይ።

ኮፔፖድ በጠርሙስ ይሸጣል። ማታ ፓምፑን አጥፍታችሁ ድንጋዮቹ ሥር አፍስሱት። ቀን ከጨመራችሁት ሌሎቹ ዓሦች ይጨርሱታል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከሥር ሪፉጂየም መሥራት ነው፦ ዓሣ የሌለበት፣ ቼቶ የሚባለው አልጌ የሚያድግበት ትንሽ ገንዳ። ኮፔፖዱ እዚያ ተረጋግቶ ይራባል፣ ከውሃው ጋር ወደ ላይ ይወጣል። ሲክስላይንን የመሰለ ያንኑ ምግብ የሚለቅም ዓሣ አብራችሁ አታኑሩ። ሁለት ወንዶችም አይሆኑም፣ ይጣላሉ። ወንዱን በፊተኛው የጀርባ ክንፉ ረጅም እሾህ ትለዩታላችሁ።

ሱቅ ስትሄዱ ቀለሙን ተዉትና ሆዱን እዩ። ሞላ ያለ መሆን አለበት። ከጭንቅላቱ ኋላ ሥጋው ጎድጉዶ ከሆነ፣ ቢያሳዝናችሁም ተዉት። ባለሱቁን «እስቲ ሲበላ አሳየኝ» በሉት። በሰው እጅ የተራባው ይወደድ ይሆናል፤ ግን የበረዶ ምግብ (በረዶ ሆኖ የተቀመጠ) መብላት ስለሚቀለው ገንዘቡ ይገባዋል ባይ ነኝ።

የበረዶ ምግብ የማያውቀውን በብልቃጥ አስተምሩት። እኔ አፉ ጠባብ የሆነ የማር ብልቃጥ አሸዋው ላይ አጋድማለሁ። አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (ጥቃቅን የጨው ውሃ ሽሪምፕ) በስሪንጅ ወደ ውስጥ እለቃለሁ። ማንዳሪን ዝግ ያለ ስለሆነ ከፈጣኖቹ ጋር አይሻማም፤ ብልቃጡ ውስጥ ግን ቀስ ብሎ ገብቶ ይለቅማል። መግባት ሲለምድ ከሕያዉ ጋር ጥቂት የበረዶ አርቴሚያ ቀላቅሉ፣ ቀስ በቀስም ጨምሩ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ስጡት። መብላት ለመደ ብላችሁ ኮፔፖዱን እንዳታቆሙ።

ከቤት ርቃችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደረቅ ምግብ የሚረጨው ማሽን ለእሱ ብዙም አይረባም። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጠርሙስ ኮፔፖድ ጨምሩ፣ ብልቃጡን የሚሞላ ሰውም አሠልጥኑ።