የብራይተንን ቤተ መንግሥት ከጅማ ሆኖ ለማየት

መጀመሪያ ጂረን ውጡ። እውነቴን ነው፣ ዓይን የሚሟሸው እዚያ ነው። በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳ ላይ ቆማችሁ ከተማዋን ከማየታችሁ በፊት ወደ ላይ ቀና በሉና ፎቁን የተሸከመው ምን እንደሆነ፣ ጌጡስ ከየት እንደሚጀምር ፈልጉ። እንጨቱ ምሰሶም ነው፣ ጌጥም ነው።

ይችን ጥያቄ ይዛችሁ አሁን በስልካችሁ ወደ እንግሊዝ ባሕር ዳር ተሻገሩ። ብራይተን ያለው የእንግሊዙ ንጉሥ የጆርጅ አራተኛ ቤት (ሮያል ፓቪሊየን) በጉልላትና በሚናራ የተሞላ ስለሆነ ሰው ሁሉ አንዴ አይቶ «የህንድ ነው» ብሎ ያልፋል። እናንተ አትለፉ። አርክቴክቱ ጆን ናሽ ህንድን በዓይኑ አላየም፤ የሠራው ከሥዕል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1815 እስከ 1822 ድረስ ቀድሞ የነበረውን ቤት ሳያፈርስ በላዩ ላይ የብረት አጽም አቆመና ትልቁን ጉልላት በዚያ ላይ ጫነው። የታጅ ማሃልን ፎቶ አጠገቡ አድርጋችሁ እዩ። ቅርጹ ይመሳሰላል፣ ግን የታጅ ማሃሉን ጉልላት የተሸከመው ግንብ ነው፤ የብራይተኑን ብረት።

ከዚያ ግቡ። ውስጡ ደግሞ ጭራሽ ቻይና ነው! በግብር አዳራሹ ኮርኒስ ላይ የሙዝ ቅጠል ተንሰራፍቷል፤ የጅማ ሰው የሙዝ ቅጠል አይጠፋውምና ሠዓሊው የቱን ያህል እንደተሳካለት ራሳችሁ ፍረዱ። ከቅጠሉ ሥር አንድ ዘንዶ አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን መብራት አንጠልጥሏል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ወጥ ቤቱ ነው። ጣሪያውን የያዙት የብረት ምሰሶዎች አናታቸው ላይ የመዳብ ቅጠል ለብሰው ዘንባባ መስለዋል። ጂረን ላይ የጠየቃችሁት ጥያቄ እዚህ ቁልጭ ብሎ ይመለሳል፦ ተሸካሚውም ጌጡም አንድ ቦታ ላይ ነው።

ንግሥት ቪክቶሪያ ቤቱን አልወደደችውም፤ በ1850 ለከተማው ተሸጠ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1914 ጀምሮ፣ የቆሰሉ የህንድ ወታደሮች የሚታከሙበት ሆስፒታል ሆነ። የዚያን ጊዜ ፎቶዎች ፈልጉ። በሙዚቃ አዳራሹ አልጋ ተደርድሮ ሰው ተኝቶበት ስለሚታይ፣ ባዶውን ክፍል ከሚያሳየው ፎቶ ይልቅ የአዳራሹን ስፋት በደንብ የምትገምቱት ከእነዚህ ነው።