ግሱን ተርትሩት፦ ለጀማሪዎች የእንግሊዝኛ ሰዋስው ልምምድ

«አልነገርኩህም» አንድ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ «አይ ዲድ ኖት ቴል ዩ» ተብሎ አምስት ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪ ጀማሪን የሚያደናቅፈው አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። እኛ አድራጊውን፣ ተደራጊውን፣ ጊዜውንና አሉታውን ግሱ ላይ ሰፍተን እንናገራለን፤ እንግሊዝኛ አብዛኛውን ለየብቻ ይደረድራል። ስለዚህ የቴንስ (የግስ ጊዜ) ስም ከመሸምደድ በፊት የራስን ግስ መተርተር መልመድ ይሻላል። የፕረዘንት ኮንቲንዩስን (አሁን እየተሠራ ያለን ነገር የሚናገረውን ቴንስ) ትርጉም አንድ ቃል ሳይስት የሚወጣ፣ በእንግሊዝኛ «አሁን ምን እየሠራህ ነው?» ሲባል ግን የሚንተባተብ ተማሪ በየክፍሉ አለ።

የሚያስፈልገው ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክና በቀን 20 ደቂቃ ነው። ቅዳሜን ጠብቆ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ 20 ደቂቃ ይበልጣል። እዚህ እንግሊዝኛውን አነባበቡ እንዲታይ በእኛ ፊደል ጽፈነዋል፤ ደብተራችሁ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት።

በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ዛሬ ስለዋላችሁት ውሎ 5 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች በአማርኛ ጻፉ። «ታክሲ ጠበቅኩ»፣ «ቡና አልጠጣሁም»፣ «እናቴ ደወለችልኝ» ዓይነት፣ በእርግጥ ከአፋችሁ የሚወጣ ይሁን። ከዚያ ግሱን ተርትሩ። «ደወለችልኝ» ውስጥ «ደወለ» ኮል ነው፣ «ች» ሺ ናት፣ «ኝ» ሚ ነው። ጊዜው ያለፈ ስለሆነ ኮል ወደ ኮልድ ይለወጣል፦ «ማይ ማዘር ኮልድ ሚ»። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛ፣ «ማይ ማዘር» ከተባለ «ች» ሥራዋን ጨርሳለች፤ «ማይ ማዘር ሺ ኮልድ ሚ» የሚሉት «ች»ንም አብረው ስለሚተረጉሟት ነው። ሁለተኛ፣ «ል» በዚህ ግስ ላይ በእንግሊዝኛ ቦታ የላትም፤ «ኮልድ ቱ ሚ» አይባልም።

ቀጣዮቹ 10 ደቂቃዎች የልምምዱ ዋና ክፍል ናቸው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአራት መልክ ጻፉት፦ እንዳለ፣ በአሉታ፣ በጥያቄ፣ በየቀኑ እንደሚሆን አድርጋችሁ።

«ሺ ኮልድ ሚ።»
«ሺ ዲድ ኖት ኮል ሚ።»
«ዲድ ሺ ኮል ሚ?»
«ሺ ኮልዝ ሚ ኤቭሪ ዴይ።»

አምስቱ በአራት ሲባዙ 20 ዓረፍተ ነገር ይወጣቸዋል። ብዙዎች የሚወድቁት ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው፤ «ዲድ ሺ ኮልድ ሚ?» ይላሉ። ዲድ ከመጣ ያለፈውን ጊዜ ከግሱ ላይ ወስዶታል፤ ግሱ ባዶውን ይቀራል። ዳዝም እንደዚሁ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ዝ» ወይም «ስ» ይወስዳታል፦ «ዳዝ ሺ ኮል ዩ?»። ለመቆጣጠር ቀላል ዘዴ አለ፦ ጊዜ የሚያመለክተውን ነገር ሁሉ፣ ማለትም ዲድን፣ ዳዝንና የግሱን መጨረሻ (እንደ «ኤቭሪ ዴይ» ያሉትን ሳይሆን)፣ በእስክሪብቶ ክበቡት። በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ክብ ከወጣ ተሳስታችኋል።

በቀሩት 5 ደቂቃዎች ደብተሩን ዝጉና 20ዎቹን ጮክ ብላችሁ እያስታወሳችሁ ቅዱ። ቅጂውን ወዲያው አትስሙት፤ በማግስቱ ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት ስሙት። ደብተር ላይ በትክክል የተጻፈችው የመጨረሻዋ «ዝ» አፍ ላይ ስትደርስ የት እንደምትጠፋ ያኔ ትሰማላችሁ።

መተርተር የማያዋጣበት ቦታም አለ። «ራበኝ»ን ብትተረትሩ «ሃንግሪ ሚ» ይወጣል፤ በእኛ ቋንቋ ረሃቡ አድራጊ፣ ሰውየው ተደራጊ ስለሆነ ነው። እንግሊዝኛ ሰውየውን ፊት ያመጣዋል፦ «አይ ኤም ሃንግሪ»። «ጠማኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «በረደኝ» ሁሉም በዚሁ መንገድ በ«አይ ኤም» ይጀምራሉ። ከሁሉም አሳሳቹ «ናፈቅከኝ» ነው። ቃል በቃል ተተርትሮ «ዩ ሚስ ሚ» ቢባል ትርጉሙ ተገልብጦ «ናፍቄሃለሁ» ይሆናል፤ ትክክሉ «አይ ሚስ ዩ» ነው። እነዚህን በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ለብቻ መዝግቡና እንዳሉ በቃላችሁ ያዙ።

«እየበላሁ ነው» ደግሞ ለመተርተር የተመቸ ነው፦ «እየ» የግሱን መጨረሻ «ኢንግ» ያደርጋል፣ «ነው» ደግሞ ኤም፣ ኢዝ ወይም አር ይሆናል። ግን የእኛ «ነው» እዚህ አይለወጥም፤ እየበላሁ ነው፣ እየበላች ነው፣ እየበሉ ነው እንላለን። «አይ ኢዝ ኢቲንግ» የሚለው ስህተት ከዚህ ይመጣል። ሌላው ጉዳይ «ተቀምጧል»፣ «ተኝቷል»፣ «ለብሷል» ናቸው። «እየ» ባይኖራቸውም አሁን ያለበትን ሁኔታ ስለሚናገሩ በእንግሊዝኛ «ኢንግ» ይወስዳሉ፦ «ሂ ኢዝ ሲቲንግ»፣ «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ»፣ «ሂ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ጃኬት»።

«ኤ» እና «ዘ»ን ለመለየት አማርኛው ራሱ ይረዳል። «መኪና ገዛ» ካላችሁ «ኤ ካር»፣ «መኪናውን ገዛ» ካላችሁ «ዘ ካር»። ውሃና ስኳርን የመሰሉ የማይቆጠሩ ነገሮች ኤ አይወስዱም፤ «መኪናዬን» ካላችሁም ማይ ስለሚገባ ዘ አይጨመርም። ቁጥር ሲኖር አማርኛ «ሦስት እንቁላል» ብሎ ያልፋል፤ እንግሊዝኛ ግን «ስሪ ኤግዝ» ካልተባለ አይቀበልም።

አባታችሁን በእንግሊዝኛ «ዜይ» አትበሏቸው፤ አንድ ሰው ናቸው፣ ሂ ይበቃል። አንቱታ በእንግሊዝኛ ተውላጠ ስም ውስጥ የለምና ንቀት አይደለም። «አልበላህም?» ለሚል ጥያቄም «አዎ፣ አልበላሁም» ማለት ለእኛ ልክ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን መልሱ ራሱ አሉታ ከሆነ በ«ኖ» ይጀመራል፦ «ኖ፣ አይ ዲድንት»። ስለ ውሏችሁ ስትጽፉ ሰዓቱንም አስተካክሉ፤ የጠዋቱ ሁለት ሰዓት «ኤይት ኦክሎክ» ነው።

የስልክ መተርጎሚያ ክፈቱ፤ ግን ራሳችሁ ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ይሁን። ከእናንተ ጋር ያልተስማማበትን ቦታ አስምሩበት፣ ለምን እንደተለያያችሁም በአንድ መስመር በአማርኛ ጻፉ። መተርጎሚያውም ይሳሳታል፤ በተለይ አድራጊው በስም ካልተጠቀሰ ሂ እና ሺን ሊያቀያይር ይችላል። አንድ ስህተት በሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ከተመለሰ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አምስቱንም ዓረፍተ ነገሮች እሱ የሚገባባቸው አድርጋችሁ ምረጡ። ለሰባት ተከታታይ ቀናት ከ20ዎቹ ከሁለት በላይ ካልተሳሳታችሁ አምስተኛ መልክ ጨምሩ፦ «ሺ ዊል ኮል ሚ ቱሞሮው»። ዊልም እንደ ዲድ ነው፤ ከኋላው ግሱ ባዶውን ይመጣል።